ከግድግዳው ጀርባ የሚናገር አማች

ከካምፓላ ከተመለስን ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ውሃ ስቀዳ፣ «ስንዱ፣ ፎቁ እንዴት ነው? መብራቱስ?» ይሉኛል። ሰው ፊት ብዙ መናገር ስለማልችል «ትልቅ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ብቻዬን ስሆን ግን መጻፍ አያቅተኝም። የካምፓላን ፎቅ ከሩቅ ነው ያየሁት። ገብቼ የተቀመጥኩት፣ የተኛሁት፣ ያለቀስኩት በተራ ሰው ቤት ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

የሄድነው እኔና እማዬ ነን። ታላቅ እህቴ አስካለ ካምፓላ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። የዚያን አገር ሰው አግብታ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሽማግሌ አልተላከ፣ ምርቃት የለ፤ እማዬ ማግባቷን የሰማችው በስልክ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስሟን አታነሳም ነበር። የእማዬ እጅ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ዘንድሮ ሲብስባት፣ «ሳልመርቃት ብሞት ትዳሯ አይጸናም። ባልዋንም በዓይኔ አይቼ ልመርቀው» አለች። አስካለ በስልክ አልቅሳ «ኑልኝ» አለችን።

ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ አለው። ከበሩ በስተቀኝ እማዬ ሙሽራ ሆና በገባች ጊዜ ጭቃ አቡክታ በእጇ የሠራችው መደብ አለ። መደቡ የእንግዳ ነው። እኛ ልጆች ተቀምጠንበት አናውቅም። የመሸበት መንገደኛ፣ የመጣ ሽማግሌ፣ የታረቀ ጠላት እንኳ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በሩ ቀን ሙሉ ክፍት ነው። እኛ ዘንድ ደጃፍ ደርሶ የማይገባ ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ መርዶ ይዟል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እማዬ ከወጣች በኋላ ተመልሳ መደቡን ዳሰሰችው። ቁልፉን ለጎረቤታችን ስትሰጥ፣ «እንግዳ ከመጣ ክፈቺለት» አለቻት። ያ በር በቀን ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አዋሳ አድረን ቅዳሜ ሲመሽ ሞያሌ ገባን። አንዲት የቦረና ሴትዮ አልጋ ቤት አደርን። ሴትዮዋ የእማዬን እጅ አየችና ሻዩን እጀታ ባለው ጣሳ፣ ግማሽ ብቻ ሞልታ አመጣችላት። ምን ሆንሽ አላለቻትም። እማዬ እስክትተኛ ድረስ መረቀቻት።

እሑድ ያለፍነው የኬንያ መንገድ በረሃ ነው። ከመስኮቱ ግመል የሚነዱ ሰዎች አየን። ግመሎቹ ላይ የጎበጠ እንጨትና ሰሌን ተጭኗል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች እማዬ።

አጠገባችን የተቀመጠ ነጋዴ፣ «ቤታቸው ነው እማማ። ዝናብ ወዳለበት ይዘውት ይሄዳሉ» አላት።

«ቤት ይሄዳል?»

«ሣሩን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ።»

«ምሰሶውስ?»

«ምሰሶ የለውም።»

«ኧረ ጉድ! ምሰሶ የሌለው ቤት!» ብላ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ነጋዴው አብሯት ሳቀ። በዚያ ጉዞ እንደዚያ ስትስቅ ዳግመኛ አላየኋትም።

ሰኞ ናይሮቢ የአገራችን ልጅ ተቀብሎ ከፎቅ ላይ ያለ ቤቱ አሳደረን። ጠዋት ደረጃውን ስንወርድ እማዬ በየበሩ እየቆመች «እንደምን አደራችሁ!» ትላለች። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። አንዱ በሰንሰለት እንደታሰረ ትንሽ ተከፈተና አንድ ዓይን አየን፤ መልሶ ተዘጋ። እጇን ይዤ «እማዬ፣ እንሂድ» አልኳት። አፈርኩ፤ ለማን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም።

«እዚህ ሰው የለም እንዴ?»

«አለ። በር ዘግተው ነው።»

«በቀን? ማን ሞቶባቸው?»

ያን ዕለት ማታ ቡሲያ ድንበር ላይ ፈታሽ ከረጢታችንን ፈታና የበሶውን ዱቄት አሸተተ። ዱቄቱን ጠረጠረው። እማዬ ደግሞ የተጠየቀችው ስለ ምግብ መሰላት፤ «ቅመስ ልጄ» ብላ ቆንጥራ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። እጇ ተንቀጠቀጠና ዱቄቱ በሰውየው ጥቁር ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እሱ ግን ደረቱን አራገፈና «ሂዱ፣ እናቴ» የሚል በሚመስል አነጋገር አሳለፈን።

ረቡዕ ካምፓላ ገባን። አውቶቡሱ ያወረደን ናኪቩቦ አካባቢ ነው። ታክሲውና ቦዳው፣ የሞተር ብስክሌቱ ማለቴ ነው፣ እንደ ንብ ይተራመሳል። አስካለ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አስከትላ ቆማ ነበር። ሴትዮዋ እትዬ ለተብርሃን ይባላሉ፤ ኤርትራዊት ናቸው፤ በርበሬና ጤፍ ይነግዳሉ። ለእህቴ እዚያ እንደ እናት የሆኑላት እሳቸው ናቸው። እማዬ አስካለን አቅፋ አልለቅ አለች። ትንሿ ማርታ በነጠላው ፈርታ ስትጮህ ነው የተላቀቁት።

የአስካለ ቤት ካንሳንጋ የሚባል ሰፈር ነው። በረድፍ ከተሠሩ አንድ አንድ ክፍል ቤቶች አንዱ ነው፤ ሙዚጎ ይሉታል። በፊት አንድ በር፣ በኋላ አንድ ብረት የተገጠመበት መስኮት አለው። መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ፣ ወዲህ ሶፋና ምንጣፍ። የሚበስለው ውጭ በረንዳ ላይ፣ በከሰል ምድጃ ነው። እኛ ማጀታችንን ከሰው ዓይን እንሰውራለን፤ እነሱ ድስታቸውን ለመንገደኛ ሁሉ ያሳያሉ፤ የሚሰውሩት መኝታቸውን ነው። እማዬ ይህን አይታ «ወጡን ሁሉ ሰው አየው እኮ» አለች።

ገና ሳትቀመጥ «ባልሽስ?» አለች።

«ሥራ ላይ ነው እማዬ። አናጢ አይደል? ትእዛዝ በዝቶበታል።»

«ማታ ይመጣል።»

«እዚያው ነው የሚያድረው።»

እትዬ ለተብርሃን ፈጠን ብለው፣ «እናቴ፣ እኔ ቤት አልጋ አንጥፌልዎታለሁ። እዚህ ይጠብባችኋል፤ እኔ ዘንድ ይደሩ» አሉ።

«ልጄ ቤት እያለ ሰው ቤት ላድር? ምን በድላት ነው ያስወጣቻት ይበሉኝ?»

«ማንም አይልም እናቴ።»

«እኔ እላለሁ። መሬትም ቢሆን እዚሁ ነው የምተኛው።»

አስካለና እትዬ ለተብርሃን ተያዩ። አተያያቸው ደስ አላለኝም፤ ግን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ሐሙስ ሁለት የጎረቤት ልጃገረዶች ሊጠይቁን መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተንበርክከው ሰላም አሉን። እማዬ ተወርውራ ሁለቱን በክንዳቸው ይዛ ልታነሳ ታገለች። «ተነሱ ልጆቼ! ይሄ ለእግዜር ነው!» ልጃገረዶቹ ደግሞ ጨርሰው ሳይሰግዱ መነሳት ነውር ነውና ወደ ታች ይጎትታሉ። ሦስቱም ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ሁሉም ሳቀ። የዚያን ዕለት ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለ ቦዳ ሙሉ የማቶኬ ዘለላ፣ ሥጋና ስኳር በር ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማቶኬ የሚቀቀል አረንጓዴ ሙዝ ነው።

«ከጆሴፍ ነው» አለች አስካለ። ባልዋ ጆሴፍ ነው የሚባለው።

«ራሱስ?»

«ሥራ...»

«ስኳር መንገዱን ካወቀው እሱ እንዴት ጠፋው?»

ዓርብ እትዬ ለተብርሃን እቃ ሊያመጡ ኪኩቦ ወደሚባለው ገበያ ሲሄዱ እኔን ወሰዱኝ። የጅምላ መደብሩ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ይገፋል። ስንመለስ ቪላ ያለበት ኮረብታ አለፍን። አጥሩ ከቤቱ ይበልጣል፤ በላዩ የሾለ ሽቦ አለ፤ በር ላይ ዘበኛ ተቀምጧል። «እዚህ የሚኖሩት ምን አድርገው ነው?» አልኳቸው፤ እስር ቤት መስሎኝ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ሳቁ። «ሀብታም ሆነው ነዋ፣ ጓለይ!» እንደ ልጃቸው ነው የሚጠሩኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና «ሰው ቤት የሚሠራው የሚፈራውን እያሰበ ነው» አሉ። እኔ ያን ጊዜ እኛ ምን እንደምንፈራ አሰብኩ። በር ክፍት አድርጎ የሚውል ሰው የሚፈራው ብቻውን መቅረትን ይመስለኛል።

ቅዳሜ ወንበር መጣ። ባለ ቦዳው ወንበሩን በጀርባው አስሮ፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ ቆመው፣ በመኪናው መሐል ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ አየው። የእጅ ማስደገፊያ ያለው፣ ከጥሩ እንጨት የተሠራ፣ ቫርኒሹ በደንብ ያልደረቀ ወንበር ነው። ማስደገፊያዎቹ ጫፍ ላይ ለእጅ መያዣ ጎድጎድ ተደርጓል። አስካለ ስለ እማዬ እጅ ነግራው ኖሯል።

«ላንቺ ብሎ ነው የሠራው» አለቻት።

እማዬ ወንበሩን ዞር ብላ አየችው። «ወንበር ይላካል፣ ሰው ይቀራል» አለችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልተቀመጠበትም። ቤቱ ጠባብ ነውና ባለፍን ቁጥር ያደናቅፈናል።

ያን ዕለት አመሻሽ አስካለ እጣቢ ስትደፋ አብሬያት ወጣሁ። ቀስ ብላ፣ «ነገ ይመጣል። አክስቱም ትመጣለች። ሴንጋ ይሏታል፤ የባል አባት እህት ናት፤ ትዳር በእሷ እጅ ነው። እማዬ ትመርቀናለች፣ ሴንጋዋ ትመሰክራለች፣ እኔም ከዚህ በኋላ የመንገድ ሴት አልባልም» አለች። ፊቷ እንደ ልጅነቷ ሆነ።

«ለምንድነው እማዬን የሚሸሻት?»

«አይሸሻትም» አለች። «ነገ እነግራታለሁ። ዛሬ ብነግራት ሻንጣዋን ታነሳለች።»

እሑድ እማዬ ነጭ ለበሰች። ምንጣፉን አራግፋ፣ ሶፋውን ራሷ አስተካክላ፣ ከበሩ በስተቀኝ ለአማቿ ቦታ አዘጋጀች። መደብ ስለሌለ አንሶላ አጥፋ አነጠፈች። አስካለ እጇን እያሻሸች መጣች።

«እማዬ፣ ጆሴፍ... ከውጭ ሆኖ ነው ሰላም የሚልሽ። ደንባቸው ነው። አንቺም ከዚሁ ሆነሽ ትመርቂዋለሽ።»

«ከውጭ? ውሻ ነው?»

«ክብር ነው እማዬ፣ እንደኛ አይደለም...»

«ተይኝ! ሰው ደጄ ቆሞ?»

ይህን እያሉ ሴንጋዋ ገባች። ሰፊ ባለ ቀለም ቀሚስ የለበሰች፣ ግርማ ያላት ሴት ናት። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ በቋንቋቸው በሉጋንዳ ረጅም ሰላምታ ሰጠች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው መስኮት ውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ቆመ። ማንም ሰው አልታየም። እማዬ ቀጥ አለች። እኛ አገር ከግድግዳ ጀርባ ቆሞ የሚናገር መርዶ ነጋሪ ነው። እጇ ሲብስ አየሁት።

ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ የወንድ ድምፅ መጣ። እየተሰባበረ፣ እየተጠነቀቀ፣ በአማርኛ፦

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

አስካለ ፈገግ አለች፤ ሌሊት ሌሊት ያስጠናችው እሷ ነበረች።

እማዬ እንደ ሰማች ፊቷ ተፈታ። «እሰይ! በቋንቋዬ! ልጄ!» ብላ ብድግ አለች። አስካለ «እማዬ፣ ተቀመጪ!» ብላ ጮኸች። እማዬ ግን በሩን አልፋ ቤቱን ዞራ ሄዳለች። እኔ ማርታን አዝዬ ተከተልኩ። ጆሴፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ እጆቹን ከፊቱ አጋጥሞ ቆሟል። ረጅም ነው፤ ሸሚዙን ተኩሷል።

«ግባ እንጂ ልጄ! በሞቴ ግባ! አፈር ስሆን!» ብላ ክንዱን ያዘችው፤ ወደ ራሷ አዞረችው፤ ጉንጩን ሳመችው፤ ሁለቱን እጆቹን በሁለቱ እጆቿ ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው።

እሱ ዓይኑን ጨፈነ። አልጮኸም፣ አልገፋትም። በቁሙ ደረቀ። ሴንጋዋ ደርሳ ስታይ ነው የጮኸችው። ያየችው እጃቸውን ነው። የእማዬ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የያዘችው የእሱ እጅም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሴንጋዋ አለያየቻቸው። ጆሴፍ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ በመተላለፊያው ሄደ። እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ሲጠርግ አየሁ።

እማዬ ባዶ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች። «ምን አደረግኩት?» አለች። «ልጄን ሳምኩ።»

አስካለ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ፣ «አፈረስሽው እማዬ። ቤቴን አፈረስሽው» አለች።

ሰኞ እትዬ ለተብርሃን ከእኔ ጋር የአውቶቡስ ትኬት ሊቆርጡ ወጡ። መንገድ ላይ ሁሉን ነገሩኝ። በእነሱ ዘንድ አማትና አማች አይተያዩም፤ አይነካኩም፤ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም። ከመከባበር ብዛት ነው። ገጠር፣ ወላጆቹ ግቢ ቢሆን ኖሮ ለእማዬ ሌላ ቤት ይሰጣት ነበር፤ ከሩቅ እየተጠያየቁ በደስታ ይሰነብቱ ነበር። አንድ ክፍል ቤት ግን ለዚህ ቦታ የለውም። ስለዚህ ነው ጆሴፍ ቤቱን ለቆላት የእንጨት ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ሲያድር የሰነበተው።

«የተነካካ ሰው ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ።»

«የእማዬ እኮ የድሮ ነው! አባቴ ከሞተ ጀምሮ...»

«ነግሬያቸዋለሁ ጓለይ። ትናንትና ሄጄ ለምኜ ነገርኳቸው። ሴንጋዋ ‹በዓይኔ አይቻለሁ› አለች። እሱ እጁን እያየ ነው የተቀመጠው። እንጀራው እኮ ከእጁ ነው።»

ማክሰኞ ልንሄድ ስንል እማዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን በተጎደጎዱት መያዣዎች ላይ አደረገች። ልክ ነበሩ። ጥቂት ቆየችና ተነሳች። አስካለን «እግዜር ቤትሽን...» ብላ ጀመረችና ምርቃቱን መጨረስ አቃታት። አስካለ ጉልበቷን ሳመች እንጂ ቀና ብላ አላየቻትም። ማርታ ግን ነጠላውን ለምዳው ኖሮ አልለቅም ብላ አለቀሰች።

የነገርኳት መንገድ ላይ ነው። በበረሃው ስናልፍ እትዬ ለተብርሃን ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። ወደ መስኮቱ እያየች ሰማችኝ። ግመል የሚነዱት ሰዎች እንጨታቸውን መሬት ላይ ተክለው ሰሌኑን ያለብሱ ነበር።

«እነዚህ ሰው ቢያስቀይሙ ቤታቸውን ነቅለው ይሄዳሉ» አለች። «እኔ በሰው ቤት ላይ ነው የተተከልኩት።» ሞያሌ ላይ ያቺ የቦረና ሴትዮ ሻዩን በዚያው ጣሳ አመጣችላት፤ አልጠጣችውም።

ቤታችን ስንደርስ ጎረቤታችን በሩን ከፍታ፣ መደቡን ለቅልቃ ጠበቀችን። ሰው መጣ፣ «ምርቃቱ እንዴት ነበር?» አለ። እማዬ «ደህና ነበር» አለች።

ክረምቱ ሲገባ አስካለ ደወለች። ጆሴፍ ወደ ቤት አልተመለሰም። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ፍርሃት ይሁን ሌላ እሷም አታውቅም፤ መጋዝ ሲይዝ መስመሩ ይስትበታል፤ አንድ ጣቱን ቆርጦታል። የሠራው ሁሉ ይጣመማል፤ ሰው ትእዛዝ አይሰጠውም። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ ባናግረውስ? አልነካውም በይው። ድምፄን ብቻ ቢሰማ?»

አስካለ «እማዬ፣ ስልኩንም አያነሳልኝም» አለች።

ከዚያ ወዲህ እማዬ መደቡ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አትወድም። በሩን እኔ እከፍታለሁ፤ እሷ መልሳ ትዘጋዋለች። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ጭራሮ ለቅሜ ስመለስ ቤት ውስጥ አጣኋት። ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ቤቱን ስዞር፣ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አድርጋ፣ አንገቷን ሰብራ፣ የሚንቀጠቀጡትን እጆቿን ከፊቷ አጋጥማ ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«ደህና ዋልኩ ልጄ» ትላለች። «ደህና ዋልኩ። አንተስ እንደምን ዋልክ?»

ከዚያ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ጭራሮውን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ።